ወረፋው የት ይቁም?

ጉለሌ ውስጥ ወዳለ አንድ የመንግሥት ቢሮ ልውሰዳችሁ፤ ስሙ ይቅር። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ባለጉዳዩ ደረጃው ላይ ተደርድሯል። ዝናብ ሲመጣ ሁሉም ጠባቧ ኮሪደር ውስጥ ይታጨቃል። ብዙዎቻችን የምንቆጣው መስኮቱ ጋ በተቀመጠችው ሠራተኛ ላይ ነው። እኔ ግን ሕንፃውንም መክሰስ እፈልጋለሁ።

ሒሳቡ ቀላል ነው። በሰዓት 20 ሰው ከመጣና እያንዳንዱ በአማካይ 2 ሰዓት ከቆየ፣ ግቢው ውስጥ ሁሌም ወደ 40 ሰው አለ ማለት ነው። ይህ የሊትል ሕግ ይባላል። ሠራተኛዋ ብትፈጥንም ወረፋው አይጠፋም፦ ሰው ቀጠሮ ሳይዝ እንደመጣ የሚስተናገድበት አንድ መስኮት ከሥራ ሰዓቱ 80 በመቶው ከተያዘ፣ በተለመደው ሞዴል ባለጉዳዩ ጉዳዩ ራሱ ከሚፈጀው ጊዜ 5 እጥፍ ይቆያል። 95 በመቶ ሲሞላ 20 እጥፍ! ስለዚህ ወረፋ አስቀድሞ የሚታወቅ ጭነት ነው፤ እንደ ጣሪያ ክብደት ዲዛይን ሊደረግለት ይገባል።

የመንግሥት ሕንፃ ግን ብዙ ጊዜ የሚታሰበው ከሩቅ ለሚያየው ነው። ፖርቱጋሎች በ1947 እ.ኤ.አ. ሎሬንሶ ማርኬስ (የዛሬዋ ማፑቶ) ላይ የሠሩት ማዘጋጃ ቤት ከታች በሚመጣ ሰፊ ጎዳና አናት ላይ ጉብ ብሏል። ቀና ብለህ እንድታየው ነው። ጣሊያንም በወረራው ዘመን በጉይዲና በቫሌ ፕላን የአውሮፓውያኑን ሰፈር ለይቶ ሐበሻውን ወደ ምዕራብ፣ ወደ መርካቶ አቅጣጫ ሊገፋ አስቦ ነበር።

የኛን ማዘጋጃ ቤት ቅኝ ገዢ አላሠራውም፤ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በአፄ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት ጊዜ የተሠራ፣ የአፍሪካ አዳራሽን የነደፈው የአርቱሮ ሜዜዲሚ ሥራ ነው። ቆንጆ ሕንፃ ነው፣ እወደዋለሁ። አቀማመጡ ግን ያው ነው፦ ከለገሃር የሚመጣው የቸርችል ጎዳና ዳገት አናት። በእግሩ የመጣ ባለጉዳይ ቁና ቁና እየተነፈሰ ነው የሚደርሰው።

ትንንሾቹ ቢሮዎቻችን ግርማውን ሳይወርሱ ደረጃውን ብቻ ወረሱ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄዱና ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ሰዎች መግቢያ እንዲኖረው አዝዞ ነበር። እኔ ቆሜ ባየሁበት ጠዋት አንዲት እናት በሁለት ወጣቶች ተደግፈው ነው የወጡት።

ለ40 ሰው፣ ለእያንዳንዱ 1.5 ካሬ ሜትር ብንይዝ፣ 60 ካሬ ሜትር ጥላና አግዳሚ ወንበር ይበቃል። አምስት መኪና የሚቆምበት ቦታ ቢሆን ነው። እዚያ ግቢ ውስጥ ስምንት መኪና ቆሞ ቆጥሬያለሁ።