በአንድ መጽሐፍ የተቀላቀሉ ሁለት ጥያቄዎች፦ የሸይኽ ዐሊ ዐብዱራዚቅ ክርክር ሲመዘን

እ.ኤ.አ. በ1924 የቱርክ ብሔራዊ ሸንጎ የኦቶማንን ኺላፋ በሻረ በዓመቱ፣ የሸሪዐ ፍርድ ቤት ዳኛ የነበሩት ግብጻዊው ሸይኽ ዐሊ ዐብዱራዚቅ «አል-ኢስላም ወኡሱሉል ሑክም» (ኢስላምና የአገዛዝ መሠረቶች) የተሰኘውን መጽሐፍ አሳተሙ። ንጉሥ ፉአድ ባዶውን የኸሊፋነት መንበር የሚመኙበት ጊዜ ነበርና መጽሐፉ ብርቱ ውዝግብ አስነሣ። የአል-አዝሀር የታላላቅ ዑለማ ጉባኤ በሰባት ነጥቦች ከሷቸው ከዑለማነት ማዕረግ ሰረዛቸው፤ የዳኝነት ሥራቸውንም አጡ።

የመጽሐፉ ጥንካሬ በመጀመሪያው ክፍል ይታያል። ኸሊፋን መሾም ግዴታ ነው ለሚለው አቋም የሚቀርቡትን ማስረጃዎች ይመረምራል፤ ቁርኣንም ሐዲሥም ይህን የአገዛዝ ቅርጽ እንዳልደነገጉ፣ በታሪክም መንበሩን ያቆየው በአብዛኛው ሰይፍ እንደ ሆነ ይሞግታል። ሥልጣናቸውን በሃይማኖት ስም ለሚያጸኑ ነገሥታት ይህ መራር እውነት ነበር።

ድክመቱ የሚጀምረው ደራሲው ከዚህ ሲሻገሩ ነው። የአገዛዙ ቅርጽ አልተደነገገም ከማለት ተነሥተው፣ የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መልእክት ከአገዛዝ ጋር ግንኙነት የለውም ወደ ማለት ይደርሳሉ። የመዲናው ሰሒፋ፣ የዘካ አሰባሰብ፣ ዳኝነቱና የስምምነት ውሎቹ ግን እንዲህ በቀላሉ የሚታለፉ አይደሉም። ተቺዎቻቸው በዚህ ረገድ የያዙት ነጥብ ጠንካራ ነው።

ሆኖም ከጉባኤው ሰባት ነጥቦች አንዱም፣ ንጉሥ ሃይማኖትን መሣሪያ ቢያደርግ ማን ይከለክለዋል ለሚለው መልስ አልያዘም። ሃይማኖት በሕግ ላይ ያለው ድርሻ አንድ ጥያቄ ነው፤ መንግሥት በሃይማኖት ላይ ያለው ሥልጣን ሌላ ጥያቄ ነው። ደራሲውም ከሳሾቻቸውም ሁለቱን ሳይለዩ ተከራከሩ።

ለእኛ ሁለተኛው ጥያቄ እንግዳ አይደለም። የ1948ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 126 የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን አድርጎ ነበር። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ሙስሊሞች በአዲስ አበባ አደባባይ ወጥተው ከጠየቋቸው ጉዳዮች አንዱ የሃይማኖትና የመንግሥት መለያየት ነው። በ2004 ዓ.ም. መንግሥት በመጅሊስ ጉዳይ እጁን አስገብቷል ያሉ ምእመናን የጠቀሱትም፣ መንግሥት በሃይማኖት ጉዳይ ጣልቃ እንዳይገባ የሚከለክለውን የ1987ቱን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 11 ነው።

ስለዚህ በሚንበር ላይ «ሴኩላሪዝም ክህደት ነው» ብሎ በደፈናው የሚያወግዝ ኢማም፣ አባቶቹ የጠየቁትን መብት ሳያውቅ ይጥላል። አንቀጹን ጠቅሶ መብቱን የሚጠይቀውን ሙስሊም ሁሉ «አክራሪ» የሚል ሹምም አንቀጹን ራሱን ያፈርሳል። አክራሪውም ሹሙም የሚስቱት በአንድ ቦታ ነው፤ ሃይማኖትና ሥልጣን በአንድ እጅ እንዲያዙ ይሻሉ።

መምህራን ይህን መጽሐፍ ሸይኽ ሙሐመድ አል-ኺድር ሑሰይን ከጻፉት መልስ ጋር አጣምረው ቢያስተምሩት ይጠቅማል። ደረሳው ደራሲውን ከመኮነኑ ወይም ከማወደሱ በፊት፣ ሁለቱን ጥያቄዎች ለይቶ እንዲመልስ ይጠየቅ።