«ነቀርሳ»፤ አንድ ቃል፣ ሁለት ደዌ

የሙያ ቃል ዋጋው የሚለካው በመዝገበ ቃላት በተሰጠው ብያኔ ብቻ ሳይሆን፣ ለታማሚው ሲደርስ በሚያሳድረው ግንዛቤም ጭምር ነው። በዚህ ሚዛን ሲታይ፣ ዛሬ በድረ ገጾችና በእጅ ስልክ የሚሠራጨው የአማርኛ የጤና ጽሑፍ በ«ነቀርሳ» አጠቃቀሙ ሊነቀፍ ይገባዋል።

ቃሉ ብቻውን ሲነገር በብዛት ካንሰርን ያመለክታል፤ «የሳንባ ነቀርሳ» ሲባል ግን ቲቢ ማለት ነው። በአማርኛ የዘርፍ ሥርዐት «የጡት ነቀርሳ» የጡት ካንሰር ከሆነ፣ «የሳንባ ነቀርሳ»ም የሳንባ ካንሰር ሊሆን በተገባው ነበር። እንግዲህ አንባቢው ሰዋስዉን ተከትሎ ቢሳሳት ጥፋቱ የእርሱ አይደለም።

ስሕተቱም ቀላል አይደለም። ሮበርት ኮኽ እ.ኤ.አ. በ1882 እንዳስታወቀው ቲቢን የሚያመጣው ባክቴሪያ ነው፤ በትንፋሽ ይተላለፋል፤ መድኃኒት ያልተላመደው ዓይነት በተለመደው የ6 ወር ሕክምና ይድናል። የሳንባ ካንሰር ግን ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ሕክምናውም ሌላ ነው። ስለዚህ ቲቢ የያዘው ሰው ካንሰር መስሎት ተስፋ ቢቆርጥ፣ ሊድን የሚችለውን ደዌ ይዞ ቤቱ ይቀመጣል፤ ካንሰር የያዘው ደግሞ «ይተላለፋል» ተብሎ ያለ ምክንያት ይገለላል።

ነገሩ አማርኛን በሁለተኛ ቋንቋነት ለሚያነቡ ይበልጥ ይከብዳል። ከሸነን ወይም ከጉደር ወደ አምቦ ለሕክምና የሚመጣው ታማሚ በብዛት አፉን የፈታው በኦሮምኛ ነው። በኦሮምኛ ቲቢ «ዹኩበ ሶምባ» ይባላል፤ ይህም «የሳንባ በሽታ» ማለት ነው። ስያሜው ሰፊ ቢሆንም ከካንሰር ጋር ስም አይጋራም። ከዚህ ተነሥቶ ወደ «የሳንባ ነቀርሳ» የሚሻገር አንባቢ ከነበረው ግልጽነት ወደ ብዥታ ይገባል።

«ቲቢ»ና «ካንሰር» ባዕድ ቃላት ናቸው የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። ይሁንና ሁለቱም በጤና ጣቢያ ደጃፍ ሕዝቡ የሚናገራቸው ቃላት ሆነዋል። የአገርን ቃል ማክበር ማለትም አንዱን ቃል ሁለት ሸክም ማሸከም አይደለም።

በእኛ አስተያየት ተርጓሚው «ቲቢ»ንና «ካንሰር»ን በዋና ስምነት ይያዝ። «ነቀርሳ»ን መጠቀም ግድ ቢሆንበት፣ ቃሉ በመጀመሪያ በገባበት ስፍራ የትኛውን ደዌ እንደሚያመለክት፣ የሚተላለፍ መሆን አለመሆኑንም ይግለጽ። ጽሑፉን ከማውጣቱም በፊት ሐኪም ላልሆነ ሰው አንብቦለት «ምን ተረዳህ?» ብሎ ይጠይቅ። የስያሜው የመጨረሻ ዳኛ ይህ መልስ ነው።