«ፌሮ» እና «ማጠናከሪያ ብረት»፦ ስለ ወለል አርማታ ቃላት አጭር ሂስ

የሙያ ቃል የሚመዘነው በመዝገበ ቃላት ገጽ ላይ በሚያሳየው ውበት ሳይሆን፣ ሠሪውን ከስሕተት በመጠበቁ ነው። በአርባ ምንጭ ከተማ፣ በሴቻም ሆነ በሲቀላ፣ ፎቅ ሲሠራ የሚሰማው የሙያ ቋንቋ አብዛኛው ከጣሊያንኛ የተወረሰ ነው፤ ብረቱ «ፌሮ»፣ አሳሪው «ፌራዮ»፣ ወለሉ «ሶሌታ»፣ ሙሌቱ «አርማታ» ይባላል። በ1979 ዓ.ም. የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ ከተቋቋመው ከአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ የሚወጣው መሐንዲስ ግን ሙያውን የተማረው በእንግሊዝኛ ነው። በጽሑፍ ሁለቱን እንዲያገናኝ የሚሰጠው የአማርኛ አቻ «ማጠናከሪያ ብረት» የሚል ነው።

ይህ ስያሜ የሰዋስው ጉድለት የለበትም፤ ጉድለቱ የፍች ነው። «ማጠናከር» ቦታን አይለይም፤ ብረቱ የትም ቢገባ ያጠናክራል የሚል ግምት ያሳድራል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። አርማታ ጭመቃን አጥብቆ ይችላል፤ ውጥረትን የመቋቋም ኀይሉ ግን የዚያ አንድ ዐሥረኛ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ፌሮ የሚቀመጠው ወለሉ በሚወጠርበት ጎን ነው፤ በሁለት ድጋፎች መካከል ከታች፣ በድጋፍ አናትና ከግድግዳ ወጥቶ በተንጠለጠለ ሰገነት ደግሞ ከላይ። ውፍረቱ 15 ሳንቲ ሜትር በሆነ ሰገነት፣ ከታችኛው ገጽ 12 ሳንቲ ሜትር ከፍ ማለት የሚገባው ፌሮ በሙሌት ጊዜ ተረግጦ ወደ 8 ቢወርድ፣ የመሸከም ዐቅሙ በሲሶ ገደማ ይቀንሳል። አንባቢ ልብ ይበል፤ አንድም ብረት አልጎደለም፤ «ማጠናከሪያው» ሁሉ በውስጡ አለ።

«አርማታ»ም ከዚህ ነቀፌታ አያመልጥም። በምንጩ ቋንቋ «የታጠቀ» ማለት ሲሆን፣ በእኛ ዘንድ ብረት የሌለውም ሙሌት መጠሪያ ሆኗል፤ ቃሉ ትጥቁን ፈትቷል።

የዶርዜን ሸማኔዎች አስቦ ሁለቱን የፌሮ አቅጣጫዎች «ድር» እና «ማግ» ለማለት የሚወድ ይኖር ይሆናል። ምሳሌው ለጋሞ ሠራተኛ ቅርብ ነው። ይሁን እንጂ ማግ በድሩ ፈትሎች መካከል አንዴ ከላይ አንዴ ከታች እያለ ያልፋል፤ ፌሮ ግን አንዱ በሌላው ላይ ተነባብሮ በሽቦ ይታሰራል። በአንድ አቅጣጫ በሚሸከም ወለል፣ ዋናው ፌሮ ወደሚወጠረው ገጽ ይቀርባል፤ አከፋፋዩ ከእርሱ በስተውስጥ ይውላል። እንግዲህ ሽመናው አቅጣጫን ያስረዳል፤ ተራን ግን ይሰውራል።

በእኛ አስተያየት «ፌሮ» ባለበት ይጽና፤ ሠሪው የተቀበለውን ቃል ማባረር አይገባም። ለዚህ ተግባሩ ግን «የውጥረት ፌሮ» ይባል። «ወጠረ» በከበሮ ላይ ቆዳ ሲዘረጋ ያየ ሁሉ የሚያውቀው ግሥ ነው። ፌራዮው ይህን ስም ሲሰማ፣ ብረቱን ከማሰሩ በፊት «የሚወጠረው ጎን የቱ ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ «ማጠናከሪያ ብረት» ይህን ጥያቄ አያስጠይቅም።