ለማርክ ማገልገል

አገልግሎትን ከዲግሪ ጋር ማሰር ለአገራችን እንግዳ አይደለም። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በ1957 ዓ.ም. ተማሪዎቹን ለአንድ ዓመት ወደየጠቅላይ ግዛቱ መላክ ጀመረ፤ አብዛኞቹ ያስተምሩ ነበር፤ ያላገለገለም አይመረቅም ነበር። እኔ ይበልጥ የማደንቀው ግን የጅማ ዩኒቨርሲቲን ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርት ነው። ተማሪዎች በቡድን ወጥተው ቤት ለቤት ይጠይቃሉ፣ ችግሮችን በክብደታቸው ይደረድራሉ፣ ከነዋሪው ጋር መፍትሔ ይሞክራሉ፤ ከዚያ ያዩትን ጽፈው በመምህራን ፊት ይሟገቱበታል። ማርኩም ለዚህ ሁሉ ነው።

ለማርክ የተደረገ በጎነት በጎነት ነው ወይ የሚል አለ። ላይሆን ይችላል፤ ኮሌጅ ግን የሚመዝነው ደግነትን ሳይሆን ዕውቀትን ነው። ከባዱ ተቃውሞ ሌላ ነው፦ ገበሬው ለጥያቄ ሁሉ መልስ ሰጥቶ ምን ያተርፋል? ለምሳሌ በዋግ ኽምራ፣ ከሰቆጣ እስከ ኒሯቅ፣ ድርቅ በተመላለሰ ቁጥር መዝጋቢና ጠያቂም ይመላለሳል። ተማሪው የሚጽፈው ሪፖርት ጥቅም የሚታየው እዚህ ላይ ነው። በአማርኛ የተሰናዳ መጠይቅ የአካባቢውን ቋንቋ ኽምጣኛን በምትናገር እናት ዘንድ ቢደናቀፍ፣ ተማሪው «ግንዛቤ የላቸውም» ብሎ እንዳያልፍ፣ የራሱን ጥያቄ እንዲመረምር የሚያስገድደው ያ ሪፖርት ነው። ታዲያ ለነዋሪውም በቋንቋው ይነበብለት፤ ከመምህሩ በተሻለ የሚያርመው እሱ ነውና።