ከሽጉጡ በፊት የነበረው መንገድ

የብርሃኑ ዘሪሁን «የቴዎድሮስ እንባ» እና የአቤ ጉበኛ «አንድ ለናቱ» ገና ከርእሳቸው የሚያሳዩን አንድ ሰው ነው፤ ንጉሡን ከነእንባቸው፣ ልጁን ከነእናቱ። በመጻሕፍቱ ውበት ጠብ የለኝም። ቅር የሚለኝ ከእነዚህና ከመድረክ ተውኔቶቻችን በአንባቢ ልቦና የቀረው ነገር ነው። ቴዎድሮስ ሲባል ሁላችንም በአንድ እርምጃ መቅደላ እንደርሳለን፤ ከሽጉጡ ዘንድ።

ንጉሡ ግን እንዲያ በቀላሉ አልደረሱም። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ሲነሡ ወታደሩ፣ ሴቱ፣ ሕፃኑ፣ የጋፋት አውሮፓውያን ባለሙያዎች ሳይቀሩ አብረው ተነሡ። ሴባስቶፖል ብቻውን ሰባ ኩንታል ያህል ይመዝናል። በመቶ የሚቆጠር ሰው በጠፍር ይጎትተዋል፤ ሌላው ከፊቱ ድንጋይ እየፈነቀለ መንገድ ይጠርጋል። የጅጣንና የበሽሎን ገደል ወርደው፣ ወጥተው መቅደላ የደረሱት በመጋቢት ነው። ስድስት ወር ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው!

ታዲያ ጎታቹ በልቡ ምን ይል ነበር? ቤቷ የነደደባት የደብረ ታቦር ባልቴትስ? ዛሬ እብናት ወይም ጋይንት ተቀምጦ የሚያነብ ሰው አያቶቹን የሚፈልገው ከዚያ ሰልፍ ውስጥ እንጂ ከአምባው ጫፍ አይደለም። ለደራሲ ከዚህ የበለጠ ምን ሲሳይ አለ? ክርክራችን ግን እስከ ዛሬ «ጀግና ነበሩ፣ ጨካኝ ነበሩ» ላይ ነው።