«ፕሮ ጊት»፦ ከመጨረሻው ምዕራፍ የሚጀመር መጽሐፍ

የኮድ ለውጦችን ታሪክ የሚመዘግበውን ጊት መማር የጀመረ ሰው «ምን ላንብብ?» ሲል ብዙውን ጊዜ የሚጠቆመው አንድ መጽሐፍ ነው፤ «ፕሮ ጊት»። ስኮት ቻኮን የመጀመሪያውን እትም እ.ኤ.አ. በ2009 አወጣ። በ2014 ደግሞ ከቤን ስትራውብ ጋር ሆኖ አስፋፍቶ ደገመው። ኤፕረስ የተባለው አሳታሚ በወረቀት ይሸጠዋል፤ ሙሉው ግን በጊት ድረ ገጽ ላይ በነጻ ተቀምጧል፣ ለንግድ እስካልዋለ ድረስ መቅዳትም መተርጎምም ይፈቀዳል። በዶላር የሚከፍልበት ካርድ ለሌለው የባሕር ዳር ወይም የጅማ ተማሪ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

መጽሐፉ ስለ ጊት አመጣጥ የሚለው ጥቂት ነው። የሊነክስ ከርነል ሠሪዎች እስከ 2002 ድረስ ለውጦቻቸውን በፓች ይለዋወጡ ነበር። ከዚያ ቢትኪፐር የተባለውን የአንድ ኩባንያ ምርት በነጻ መጠቀም ጀመሩ። በ2005 ነጻው ፈቃድ ሲነሳባቸው የሊነክስ ፈጣሪ ሊነስ ቶርቫልድስ በዚያው ዓመት ኤፕሪል ላይ የራሱን መሣሪያ፣ ጊትን፣ መጻፍ ጀመረ። ደራሲዎቹ ጠቡን «ግንኙነቱ ተበላሸ» በሚል ዓይነት አለባብሰው ያልፉታል። «ሳምባ» የተባለው ሶፍትዌር ደራሲ አንድሩ ትሪጀል ከቢትኪፐር ሰርቨር ጋር የሚነጋገር ፕሮግራም ለመጻፍ መሞከሩ እሳቱን እንዳቀጣጠለው አንድ አንቀጽ ቢጨመር ኖሮ፣ ጊት ለምን በማንም ፈቃድ ላይ እንዳይንጠለጠል ሆኖ እንደተሠራ አንባቢው በደንብ ይገባው ነበር።

በጊት እያንዳንዱ ኮፒ ሙሉ ታሪኩን ይዞ ስለሚዞር፣ ኮሚት ማድረግም (ለውጥን መዝግቦ ማስቀመጥም) ሆነ የቆየ ታሪክ መመልከት ያለ ኔትዎርክ ይሠራል። መጽሐፉ ይህን ሲያስረዳ አውሮፕላን ወይም ባቡር ውስጥ ሆኖ የሚሠራ ሰው ይጠቅሳል። በ2012 ዓ.ም. ከሰኔ መጨረሻ ጀምሮ ኢንተርኔት ለሳምንታት በተቋረጠበት ጊዜ ሥራ ላይ የነበረ ኢትዮጵያዊ ፕሮግራመር ግን ይህን ለመረዳት አውሮፕላን መሳፈር አያስፈልገውም።

አሁን ወደ ዋናው ቅሬታዬ ልምጣ። ሁለተኛው እትም አሥር ምዕራፎች አሉት። የጊትን የውስጥ አሠራር የሚገልጸው አሥረኛው ነው። በምዕራፉ መግቢያ ላይ ደራሲው ይህን እውቀት ጊትን ለመረዳት እጅግ አስፈላጊ ሆኖ እንዳገኘው፣ ሌሎች ግን ጀማሪን ያደናግራል ስላሉ መጨረሻ ላይ እንዳኖረው በግልጽ ይነግረናል። እኔ ምነው ደራሲው ባልተረታ እላለሁ። ፊደል ሳይቆጥር ዳዊት እንዲደግም የታዘዘ ተማሪ ቃሉን በአፉ ይዞ ይሄዳል፤ ገጹ ሲገለበጥ ግን የት እንዳለ አያውቅም። ትእዛዝ በቃሉ የሸመደደ የጊት ተጠቃሚም የመጀመሪያው ኮንፍሊክት ሲገጥመው ፎልደሩን ሰርዞ እንደ አዲስ ክሎን ያደርጋል። ይህን በየቢሮው የምናየው ነው።

ለመሆኑ ያ ምዕራፍ ያን ያህል ይከብዳል? እስቲ ባዶ ፎልደር ላይ «ጊት ኢኒት» በሉና «ሰላም» የሚለውን ቃል ለ«ሃሽ ኦብጀክት» ከመጻፊያው ምልክት ጋር ስጡት። 40 ፊደልና ቁጥር ያለው ስም ይመልሳል። ድብቁን የጊት ፎልደር ስትከፍቱ የስሙ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ፊደላት ፎልደር፣ የቀሩት 38ቱ ደግሞ ፋይል ሆነው ታገኛላችሁ። ያንኑ ቃል ደግማችሁ ስጡት፤ ስሙ አይለወጥም፣ ሁለተኛ ፋይልም አይፈጠርም። አንድ ነጥብ ጨምሩበት፤ ፈጽሞ ሌላ ስም ይመጣል። ስሙ የሚወጣው ከይዘቱ ነው ማለት ነው። ከዚህ በላይ «ትሪ» የፋይሎቹን ስም ይይዛል። «ኮሚት» ደግሞ ወደ አንድ ትሪና ወደ ቀዳሚው ኮሚት ይጠቁማል፣ ማን መቼ እንደሠራውም ይመዘግባል። ብራንች የሚባለው ግዙፍ የሚመስል ነገር የአንድ ኮሚት ስም የተጻፈበት 41 ባይት ፋይል ነው፤ 40ው ስሙ፣ አንዱ የመስመር መዝጊያው። ይህ ሁሉ የግማሽ ሰዓት ትምህርት ነው። ሦስተኛው ምዕራፍ የ41 ባይቱን ነገር አንስቶ በሩን ገርበብ ያደርገዋል፤ ከዚያ መልሶ ይዘጋዋል።

የአቀማመጡ ጉዳት በይበልጥ የሚታየው የጠፋ ሥራ ፍለጋ ላይ ነው። ጀማሪ «ሪሴት ሃርድ» ብሎ የሁለት ቀን ኮሚቱ ከዓይኑ ሲሰወር የሚያስፈልገው ብራንቹ የት የት እንደነበር የሚያሳየው «ሪፍሎግ» ነው፤ ኮሚቶቹ አልጠፉም፣ የሚጠቁማቸው ስም ነው የጠፋው። የማይመለሰው ጭራሹን ኮሚት ወይም አድ ያልተደረገው ለውጥ ነው። የመልሶ ማግኛው ትምህርት ግን አሥረኛው ምዕራፍ ጫፍ ላይ ነው። ጀማሪው እዚያ ከመድረሱ በፊት ብዙ አልቅሷል።

ይህን ስል የመጽሐፉን ጉልበት አልክድም። ሰባተኛው ምዕራፍ ውስጥ ስለ ሪሴት የተጻፈው ክፍል፣ እኔ እስካየሁት፣ በጉዳዩ ላይ የተሻለ የለም። የመጨረሻው ኮሚት፣ ለሚቀጥለው ኮሚት የተዘጋጀው እና በዓይን የሚታየው የሥራ ፎልደር ሦስቱም ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ ሶፍት፣ ሚክስድና ሃርድ እያንዳንዳቸው እስከየትኛው እንደሚደርሱ በሥዕል ይታያል። መርጅ ይሻላል ወይስ ሪቤዝ ለሚለው የፕሮግራመሮች የዘወትር ጭቅጭቅም አስታራቂ መልስ አለው፦ ፑሽ ያላደረግከውን አስተካክል፣ ፑሽ ያደረግከውን አትንካ።

ሪፖዚተሪ በኢንተርኔት ስለሚቀመጥበት ስለ ጊትሃብ የሚያወራው ምዕራፍ አርጅቷል። ቻኮን ከጊትሃብ መሥራቾች አንዱ ነበር፤ ለአንድ ድርጅት ሙሉ ምዕራፍ መሰጠቱም ለዚህ ይሆናል። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2018 በ7.5 ቢሊዮን ዶላር ከገዛው ወዲህ መልኩ ተለውጧል፣ ሥዕሎቹ ግን ያው ናቸው። በ2019 የመጡት «ስዊች» እና «ሪስቶር» የተባሉት ትእዛዞች በድረ ገጹ ቅጂ ላይ ተጨምረዋል፤ ይሁንና አብዛኛው ምሳሌ አሁንም በ«ቼክአውት» ነው።

ከዚህ የሚከፋው የኮንፊገሬሽን ነገር ነው። አንድ ሶፍትዌር በሠሪው ላፕቶፕ፣ በመፈተሻውና በደንበኛው ሰርቨር ላይ የተለያየ የዳታቤዝ አድራሻና የይለፍ ቃል ይኖረዋል። የትኛው ፋይል ሪፖዚተሪ ውስጥ ይገባል፣ የትኛው ይቀራል? መጽሐፉ እዚህ ላይ የረባ መልስ የለውም። ስምንተኛው ምዕራፍ የዳታቤዝ ማስተካከያ ፋይል በመርጅ ጊዜ የራሳችን እንደሆነ እንዲቀር የሚያደርግ ዘዴ ያሳያል። ዘዴው ግን የሚሠራው ፋይሉ በሁለቱም ብራንች ላይ ተለውጦ ከሆነ ብቻ ነው። በሌላው ወገን ብቻ ከተለወጠ ጊት ሳይጠይቅ የዚያኛውን ይወስዳል፤ ምሳሌው ይህን አያስጠነቅቅም። በስህተት ኮሚት የተደረገ የይለፍ ቃልን ከታሪክ ስለማጥፋትም ሰባተኛው ምዕራፍ «ፊልተር ብራንች» የተባለውን ትእዛዝ ያስተምራል። አንዴ ፑሽ የተደረገ የይለፍ ቃል በማን ኮፒ ውስጥ እንዳለ አይታወቅም፤ በመጀመሪያ መለወጥ ያለበት የይለፍ ቃሉ ራሱ ነው። ደራሲዎቹ ትኩረታቸውን ሁሉ ትእዛዙ ላይ አድርገው ይህን ዘለውታል።

እንዲህም ሆኖ መጽሐፉን ለሚጠይቀኝ እሰጣለሁ፤ ቅደም ተከተሉን ቀይሬ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ምዕራፎች ያንብብ፤ ቀጥሎ የአሥረኛውን መጀመሪያና ስለ ጠፋ ሥራ የሚያወራውን ክፍል። ከዚያ ወደ ሦስተኛው ተመልሶ ብራንችን፣ ከሰባተኛው ደግሞ ሪሴትን ይያዝ። አምስተኛው ከሌሎች ጋር መሥራት ሲጀምር ይጠብቀዋል። ዘጠነኛው ከሰብቨርዥንና ከፐርፎርስ ለሚሸጋገር የተጻፈ ነው፤ ያንን የሚያስፈልገው ሰው ራሱ ያገኘዋል።