ላሟን ማን አነበባት?

በላስታ ስለ ንጉሥ ነአኩቶ ለአብ የሚነገር አንድ አጭር ተረክ አለ። ንግሥት መስቀል ክብራ ባሏ ላሊበላ ዙፋኑን ለወንድሙ ልጅ ለነአኩቶ ለአብ እንዲለቅ ትመክረዋለች፤ እሱም ይለቃል። 18 ወር ያህል እንዳለፈ የአዲሱ ንጉሥ ወታደሮች ለንጉሡ ማዕድ ብለው አንድ ድሃ ገበሬ ያለችውን አንዲት ላም ይነጥቁታል። ይህን ጊዜ ንግሥቲቱ ባሏን ተመልሰህ ንገሥ አለችው፤ ነገሠም። ተረኩ ይኸው ነው።

ሁለተኛ ደረጃ ሳለሁ በአማርኛ ክፍለ ጊዜ ተነሥቼ ይህንኑ ተናገርኩ። መምህሩ «ደህና፤ ጭብጡ ፍትሕ ነው» ብለው ወደ መጽሐፉ ተመለሱ። እኔም ደብተሬ ላይ «ጭብጥ፦ ፍትሕ» ብዬ ጻፍኩ። ዩኒቨርሲቲ ገባሁ፤ እዚህም ያው ነው። ጭብጥ፣ ገፀ ባሕርይ፣ መቼት እያልን እንዘረዝራለን፣ ፈተናውን እናልፋለን። ላሟ ግን እስካሁን አልተነበበችም።

ተመራማሪዎቹስ? የታሪክ ሊቁ ታደሰ ታምራት በ1972 እ.ኤ.አ. በታተመው የቤተ ክርስቲያንና የመንግሥት ታሪክ መጽሐፋቸው ይህን አፈ ታሪክ መዝግበውልናል፤ ባለውለታችን ናቸው። ነገር ግን እሳቸው የሚፈልጉት ከተረኩ ጀርባ ያለውን የሥልጣን ሽኩቻ ነው፤ ላሊበላን ያስለቀቀው የነአኩቶ ለአብ ደጋፊዎች ጦር ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። ለታሪክ ተገቢ ጥያቄ ነው። የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ጥያቄ ግን ሌላ መሆን ነበረበት።

ቴሌቪዥኑማ ከላሊበላ ከተማ ወጣ ብሎ በንጉሡ ስም ወደሚጠራው የዋሻ ቤተ ክርስቲያን ካሜራውን ይዞ ይሄድና፣ ከጣራው የሚንጠባጠበውን ጠበል አሳይቶን፣ «አስደናቂ» ብሎ ይሰናበታል። ቅጽል አለው፤ ንባብ የለውም። የ1960ዎቹ አብዮተኛ ሐያሲ ቢያገኘው ደግሞ «የፊውዳል ብዝበዛ» የሚል ማኅተም ይመታበት ነበር። ሐሰት አይደለም። ግን ብዝበዛን ለማሳየት መቶ ከብት አይሻልም ኖሯል?

ተራኪው መቶ አላለም፤ አንዲት አለ። መቶ ከብት ግብር ነው፤ ነገሥታት ሁሉ በግብር ኖረዋል። አንዲቷ ስትሄድ ግን የልጆቹ ወተትና የከርሞው ጥጃ አብረው ይሄዳሉ። ደግሞ ልብ በሉ፦ ነአኩቶ ለአብ «ንጠቁ» ሲል አንሰማውም። ነጣቂዎቹ ወታደሮቹ ናቸው። ተራኪው ንጉሡን ቀማኛ አላደረገውም፤ ከማዕዱም ግን አላስነሣውም። እኔ እንደማነበው ጥፋቱ «ይህ ከየት መጣ?» ብሎ አለመጠየቁ ነው። መስቀል ክብራስ? ያነገሠችውም እሷ፣ ያስወረደችውም እሷ! ሌላውን ለመውቀስ መጀመሪያ የገዛ ምክሯን መሻር ነበረባት። ይህን የሚተርከው ያው ነአኩቶ ለአብን ጻድቅ ብሎ ደጁን የሚሳለም ሕዝብ መሆኑ ደግሞ የበለጠ ይገርማል። በአንድ አፍ ያከብራል፣ ይጠይቃልም።

የላስታ ጎረቤት ዋድላ በቅኔ ስሙ የታወቀ አገር ነው። በቅኔ ቤት ተማሪው የቆጠረውን ይዞ መምህሩ ፊት ይቀርባል፤ ሰሙ ይህ፣ ወርቁ ይህ ብሎ ይፈታል፤ ከተሳሳተም እዚያው ይታረማል። እኛ ግን ወርቁን ከመምህር እጅ ተቀብለን ሰሙን ሳናይ እናልፋለን። «ፍትሕ» ወርቅ ነው እንበል፤ ላሟ ሰሙ ናት። ሰሙን ያላየ ወርቁን አገኘሁ ቢል ማን ያምነዋል?

በክረምት ወደየአገራችሁ የምትገቡ ጓዶች ሆይ፣ ከአያቶቻችሁ አንድ አንድ ተረክ ይዛችሁ ተመለሱ። እነሱ እንደተናገሩት ጻፉት፤ ከብቱን ሳትጨምሩ፣ ሳትቀንሱ። ጭብጡን ለጊዜው ተዉት። እሱን የሚነግረን አላጣንም።